አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ላይ የፊት ዲስክ ፍሬን ገጥማችሁ ፔዳሉ እምቢ ሲል

ታምቡሩ ወጥቶ ዲስኩ ገብቷል። ሸራው አዲስ ነው። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ጎማ ቱቦ አዲስ ነው። ካሊፐሩ (ሸራውን በፒስተን ገፍቶ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ተጠርጎ ጎሚኒው ተቀይሯል። ከዘይቱ መስመር አየርም ወጥቶለታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ግን ወለል ድረስ ይገባል። እንደገና አየር ይወጣለታል፣ እንደገና ይሰምጣል። አንድ ሁለት ሊትር ዘይት ከፈሰሰ በኋላ አንዱ «ማስተሩ ነው» ይላል። አዲስ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ መስመሩ የሚገፋው) ይገዛል። ፔዳሉ ያው ነው።

ችግሩ የሚሰማን እግራችን ላይ ስለሆነ ጥፋቱንም የምንፈልገው ዘይቱ ውስጥ ነው። ከታምቡር ወደ ዲስክ በተቀየረ አሮጌ መኪና ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ብረቱ ነው። የላላ ኩሽኔታ፣ የተወላገደ ዲስክ፣ ቀጥ ብሎ ያልተቀመጠ ካሊፐር። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጎማው ተነስቶ ወደ ፔዳሉ ይሄዳል። ዘይቱን የምንነካው ወደ መጨረሻው ነው።

የማወራው ፊታቸው ላይ ሙሉ አክስልና ባሌስትራ ስላላቸው መኪናዎች ነው። የ40 ሲሪየስ ላንድክሩዘር፣ የሲሪየስ ላንድሮቨር፣ ትንሿ ሱዙኪ ኤስጄ 410 እና መሰሎቻቸው። የሲሪየስ ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1985 ምርቱ እስኪያበቃ ድረስ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነበረው። ቶዮታ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ የ40ውን ፊት ወደ ዲስክ መቀየር ጀመረ። ለዚህ ነው ሰው ከኋለኛው ሞዴል ፈትቶ በፊተኛው ላይ የሚገጥመው። ጣጣውም የሚጀምረው እዚያው ነው።

ግማሽ ሚሊሜትር ምን ታደርጋለች?

በቁጥር ላሳያችሁ። የቆዩ ቶዮታዎች ላይ በአንድ ካሊፐር 4 ፒስተን የተለመደ ነው። የእያንዳንዱ ዲያሜትር 43 ሚሊሜትር ነው እንበል። የአንዱ ፒስተን ፊት ወደ 1,450 ሚሊሜትር ካሬ ይሆናል። በሁለቱ ጎማ 8 ፒስተን ስላለ በድምሩ 11,600 ገደማ ነው። ማስተሩ የ1 ኢንች ከሆነ ፊቱ 507 ሚሊሜትር ካሬ ነው።

አሁን ፒስተኖቹ ከዲስኩ በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ርቀው ቢቆዩ የማስተሩ ፒስተን 2.3 ሚሊሜትር መሄድ አለበት። ፔዳሉ 5 ለ 1 ከሆነ (እግር 5 ሲወርድ የማስተሩ ፒስተን 1 የሚሄድበት) እግራችሁ 12 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ይህ ጤነኛ ነው። ኩሽኔታው ላልቶ ዲስኩ ፒስተኖቹን በግማሽ ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቢገፋቸውስ? እግራችሁ 57 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ፍሬኑ ገና መያዝ ሳይጀምር። መስመሩ ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ላትኖር ትችላለች። የፈለጋችሁትን ያህል አየር ብታስወጡ ይህን አታስተካክሉትም።

ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። የኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድጋፍ ይደረግላቸው። ክሪክ ማንሻ ብቻ ነው፤ ከስሩ ማቆሚያ ሳታደርጉ እጃችሁን አታስገቡ። የድሮ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ከተለመደው ቁልፍና መዶሻ በላይ ሦስት መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ቨርኒየር (ውፍረት የሚለካ)፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ላሜራ) እና ማግኔት እግር ያለው ዳያል ጌጅ (ትንሽ ንቅናቄን በመርፌ የሚያሳይ)። ዳያል ጌጅ ከሌላችሁ ተዋሱ። ይህን ሥራ በዓይን ግምት መሥራት ጊዜ ማባከን ነው። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንችም አትርሱ። የመኪናችሁን ሞዴል ማኑዋል አጠገባችሁ አድርጉ፤ የማጥበቂያው ልክ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ እዚህ አልጽፈውም።

ዕቃው ከየት እንደመጣ እወቁ

ከጎማው ጀርባ አምስት ዋና ነገሮች አሉ። መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞረው ናክል፣ በናክሉ ላይ በቡሎን የሚታሰረው ስፒንድል፣ በስፒንድሉ ላይ የሚሽከረከረው ሞዞ፣ ዲስኩ እና ካሊፐሩ። አምስቱም ከአንድ መኪና ከመጡ ጣጣችሁ በግማሽ ቀንሷል። ሰው የሚቸገረው ናክሉ ከአንዱ፣ ሞዞው ከሌላው፣ ካሊፐሩ ደግሞ ከሦስተኛው ሲሆን ነው።

የታምቡር ሞዞና የዲስክ ሞዞ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ የዲስኩ መቀመጫ ወደ ውስጥ ምን ያህል ይገባል የሚለው ላይ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ካለ ዲስኩ የካሊፐሩ አፍ መሃል ላይ አይውልም። ማንኛውንም ነገር ከማጥበቃችሁ በፊት ሞዞና ዲስኩን ያለ ግራሶ ስፒንድሉ ላይ አስቀምጡ። ካሊፐሩን በሁለት ቡሎን በእጅ ያዝ አድርጉትና እዩት። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው። ዲስኩ በግልጽ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ዕቃው አይገጥምም ማለት ነው። ማሳል፣ መቁረጥ፣ ሮንዴላ መደርደር ከመጀመራችሁ በፊት ትክክለኛውን ሞዞ ፈልጉ።

የዲስኩንም ዓይነት ተመልከቱ። ድፍን ዲስክ አለ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ አየር የሚያስገባ ዲስክም አለ። ለወፍራሙ የተሠራ ካሊፐር ቀጭን ድፍን ዲስክ ላይ ከተገጠመ ፒስተኖቹ ከልክ በላይ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሸራው ሲያልቅ ደግሞ ፒስተኑ ከጎሚኒው ሊወጣና ዘይቱ ባንድ ጊዜ ሊፈስ ይችላል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ብዙ ዲስኮች ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ታትሟል። በቨርኒየር ለኩና አወዳድሩ። ስትለኩ ጠርዙ ላይ ያለውን ያልተበላ ከንፈር ሳይሆን ሸራው የሚነካውን ቦታ ለኩ።

ደረጃ 1፦ ኩሽኔታው

ጎማው ተገጥሞ መኪናው ከመሬት ከፍ ይበል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ቅልቅል የሚል ነገር ካለ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አድርጉና ድገሙት። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ ግን ጥፋቱ ናክሉ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ላይ ነው። በዚህች ቀላል ሙከራ ብዙ መፍታት ይቀራል።

የጎማውን ኩሽኔታ ለማስተካከል የፍሪ ዊል ሎኩን (ሞዞውን ከአክስሉ የሚያገናኘውንና የሚለየውን) ማውለቅ ግድ ነው። ቶዮታዎች ላይ ዳዶዎቹ ስር የሾጣጣ ቅርጽ ያላቸው ሮንዴላዎች አሉ። በካቻቢቴ ለመፈልቀቅ አትታገሉ። ዳዶውን የቡሎኑ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ጎኑን በነሐስ መዶሻ መታ መታ ብታደርጉት ሮንዴላው ራሱ ብድግ ይላል። ጫፉ ላይ ዳዶ ሳይኖር ከመታችሁ የቡሎኑ ጥርስ ይጎዳል።

ከዚያ በኋላ ውስጠኛውን ዳዶ ጠበቅ አድርጋችሁ ሞዞውን ወዲህና ወዲያ ብዙ ጊዜ አዙሩት፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። አላሉት። እንደገና ማኑዋሉ እስከሚለው ድረስ በቀስታ አጥብቁት። መቆለፊያ ሮንዴላውን አስገቡና ውጫዊውን ዳዶ እሰሩ። ልብ በሉ፣ ውጫዊው ሲጠብቅ ውስጠኛውን በጥቂቱ ይገፋዋል። ስለዚህ ከቆለፋችሁ በኋላ እንደገና ሞክሩት። ሞዞው በእጅ ያለ ትግል መዞር አለበት፤ ሲነቀነቅ ግን ምንም ማለት የለበትም። የሁለተኛው ዳዶ መዘንጋት ለብዙ «አየር አለው» ለተባለ ፍሬን ምክንያት ነው።

ደረጃ 2፦ የዲስኩ ቀጥታ

አሁን ዳያል ጌጁን ናክሉ ላይ አቁሙት። መርፌውን ከዲስኩ ውጫዊ ጠርዝ ወደ ውስጥ 10 ሚሊሜትር ያህል ላይ አሳርፉትና ዲስኩን ቀስ ብላችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። በትልቁና በትንሹ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙ ካልራቀ ጥሩ ነው። ብዙ ማኑዋሎች 0.15 ላይ ያቆማሉ።

ካለፈ ወዲያው ዲስኩን አታስከርክሙ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ መቀመጫው ላይ ነው። ዲስኩን ከሞዞው ፍቱና የሚገናኙበትን ፊት በጣታችሁ ዳስሱ። የዝገት ቅርፊት፣ የቀለም ጠብታ፣ ከቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ብድግ ያለ ብረት ይኖራል። መቀመጫው ላይ ያለች ትንሽ ቅርፊት ዲስኩ ጠርዝ ስትደርስ ከእጥፍ በላይ ልትሆን ትችላለች። በብረት ብሩሽና በለስላሳ ሞረድ አጽዱት። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ። እንደገና ለኩ።

አሁንም ከበዛ ዲስኩን በአንድ ቀዳዳ አሽከርክራችሁ ሞክሩ። የዲስኩና የሞዞው ስህተት አንዳንዴ ይደመራል፣ አንዳንዴ ይቀናነሳል። በሁሉም ቀዳዳ ሞክራችሁ ካልተስተካከለ ያኔ ዲስኩ ይከርከም ወይም ይቀየር።

ደረጃ 3፦ ካሊፐሩ

አሮጌ መኪናዎች ላይ ሁለት ዓይነት ካሊፐር ታገኛላችሁ። ከሁለቱም ወገን ፒስተን ያለውና የማይንቀሳቀሰው አንዱ ነው። ሌላው ከአንድ ወገን ብቻ ፒስተን ኖሮት በሁለት ዘንጎች ላይ የሚንሸራተተው ነው። ለሚንሸራተተው ዘንጎቹ ንጹሕና ሙቀት በሚችል የፍሬን ግራሶ የተቀቡ ይሁኑ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ካሊፐሩ በእጅ ሲገፋ መንሸራተት አለበት። በቃ።

የማይንቀሳቀሰው ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። ሸራ ሳይገባ ካሊፐሩን በሙሉ ልክ አጥብቁ። በፊለር ጌጅ ወይም በቨርኒየር ከዲስኩ እስከ ካሊፐሩ አካል ያለውን ክፍተት አራት ቦታ ለኩ። ውስጥ በኩል ከላይ፣ ውስጥ በኩል ከታች፣ ውጭ በኩል ከላይ፣ ውጭ በኩል ከታች። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ።

የውስጡና የውጩ ቢለያዩ ግን የላይና የታቹ እኩል ከሆኑ ካሊፐሩ ቀጥ ብሏል፣ ከመሃል ብቻ ወጥቷል። በመቀመጫውና በካሊፐሩ መካከል በልኩ የተቆረጠ የብረት ሺም (ስስ ማስተካከያ ላሜራ) ሊያስተካክለው ይችላል። ሺሙ ጠፍጣፋና የመቀመጫውን ፊት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ሁለት ሦስት ተራ ሮንዴላ መደርደር ግን አይሠራም፤ በሙቀትና በንዝረት ይላላል። ሺም ከገባ በኋላ ቡሎኑ በበቂ ጥርስ መግባቱንም አረጋግጡ።

የላይና የታቹ ከተለያዩ ካሊፐሩ ተንጋዷል። ይህ የባሰው ነው። ሸራው በአንድ ጫፉ ብቻ ይነካል፣ ሲረገጥ ካሊፐሩና ሸራው ይለመጣሉ፣ እግራችሁ ላይም ልክ አየር ያለው ይመስላል። መቀመጫው ላይ ቀለም፣ ዝገት ወይም የብየዳ ፍንጥቅጣቂ ይፈልግ። ለለውጡ ተብሎ የተሠራ መያዣ ካለ ራሱ መያዣው ቀጥ ብሎ እንደሆነ ለኩት። ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ መያዣውን ባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ። በዓይን እየታየ የሚለመጥ መያዣ መጣል ነው ያለበት። በብየዳ የተጠገነ መያዣ ላይ እኔ ሕይወቴን አላስይዝም።

ቀጥሎ ሸራውን አስገቡና ጠርዙን እዩ። ሸራው ከዲስኩ ውጭ ከተረፈ ሲበላ ጫፉ ላይ ጉብ ያለ ከንፈር ይተርፋል፤ ከንፈሩ ኋላ ላይ ሸራው እንዳይጠጋ ያደርጋል። ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ከገባም የዲስኩን የመሃል ጉብታ ይፍቃል እንጂ በሙሉ ፊቱ አይዝም።

አሁን ትልቋ ትንሽ ነገር። የአየር ማስወጫ ቡሎኑ የት ነው ያለው? ከላይ መሆን አለበት። ግራና ቀኝ ካሊፐር ብዙ ጊዜ አንዱ የሌላው መስታወት ነው፤ ቢቀያየሩም ቦልት ይገባላቸዋል፣ ዘይትም ይይዛሉ። ማስወጫው ግን ወደ ታች ይዞራል። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ካሊፐሩ አናት ላይ ተጠራቅሞ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ብታስወጡ አይወጣም። ካሊፐሮቹን አቀያይሩ፣ አለቀ።

ደረጃ 4፦ ቸርኬውና መሪው

የታምቡር ዘመን ቸርኬ ለካሊፐር ቦታ ተብሎ አልተሠራም። ትንሽ ሸክላ ጭቃ ወይም የልጆች ፕላስቲሲን ካሊፐሩ ላይ ለጥፉ። ጎማውን እሰሩ፣ በእጅ አንድ ዙር አዙሩ፣ ፍቱ። ፕላስቲሲኑ የቀረውን ውፍረት ለኩ። ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አልወደውም። ቸርኬው ሲጫን ይለመጣል፣ ሲግል ይሰፋል፣ ጭቃና ጠጠርም መሃል ይገባል። ከውስጥ የሚለጠፍ የሚዛን እርሳስም ካሊፐሩን ሊመታ ይችላል።

ካልበቃ ሌላ ቸርኬ ፈልጉ። ስፔሰር የሚያስገቡ አሉ፤ ጥራት ያለው በሞዞው መሃል የሚቀመጥ ከሆነና ዳዶዎቹ ሙሉ ጥርስ ካገኙ ይሠራል፤ ኩሽኔታው ላይ ግን ጫና ይጨምራል። ካሊፐሩን በግራይንደር መላጥን ግን እርሱት።

ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። ይህን አንዴ መኪናው በጎማው ቆሞ፣ አንዴ ደግሞ ቻሲው ተነስቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ ድገሙት። ጎማ ቱቦው አይወጠር፣ አይጠማዘዝ፣ ጎማውንም አይንካ። ባሌስትራው ከፍ የተደረገ መኪና ላይ የፋብሪካው ቱቦ ብዙ ጊዜ ያጥራል። የመሪውን ዘንግ ጫፎችና የአቧራ መከላከያ ላሜራውንም እዩ፤ ላሜራው ዲስኩን እየነካ የሚያሰማው ጩኸት ሰውን ብዙ ያደክማል።

ደረጃ 5፦ ቱቦና ጥርስ

ይህችን በጥሞና አንብቡ። የ3/8 ኢንች የቧንቧ ዳዶ ዲያሜትሩ 9.5 ሚሊሜትር ነው። የኤም10 ዳዶ ደግሞ 10 ነው። የጥርሳቸው ርቀት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ አንዱ 1.06፣ ሌላው 1.0 ሚሊሜትር። ስለዚህ የኢንቹ ዳዶ በኤም10 ቀዳዳ ውስጥ ገባ ይላል። ሲጠብቅም የጠበቀ ይመስላል። ግን ጥርሱ የያዘው በጫፉ ብቻ ነው። አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ላይ የኋለኛ ዘመን ካሊፐር ሲገጠም ይህ ደጋግሞ ይከሰታል። ምልክቱ ዳዶው በእጅ ሲገባ መወላወሉ ነው። ሲገባ እየተወላወለ ከሆነ አታጥብቁት። በተቃራኒው ኤም10ን በኢንች ቀዳዳ ለማስገባት ከታገላችሁ ጥርሱን ትበላላችሁ።

የቧንቧው አፍ አከፋፈትም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ውጭ እንደ ጥሩምባ የተከፈተና ድርብ የታጠፈ ነው፣ ሌላው እንደ ጉብታ የተነፋ ነው። አንዱ በሌላው መቀመጫ አይዘጋም። ቱቦው ካሊፐሩ ላይ መሃሉ በተበሳ ቡሎን የሚታሰር ከሆነ ከማያያዣው ከላይም ከታችም አዲስ የመዳብ ሮንዴላ አድርጉ። ያገለገለ ሮንዴላ ጠንክሮ ስለሚቆይ ላብ ያላብሳል።

ደረጃ 6፦ ማስተሩና ግፊቱ

ታምቡር ውስጥ ያለው ሸራ ታምቡሩን ሲነካ በመሽከርከሩ ጉልበት ራሱን ወደ ታምቡሩ ይጎትታል። ዲስክ ይህ እርዳታ የለውም። ስለዚህ ዲስክ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፣ የበለጠ ዘይትም ይፈልጋል። ሁለቱን ባንድ ላይ ከአንድ እግር ማግኘት አይቻልም። ማስተሩን ከ22.2 ወደ 25.4 ሚሊሜትር ብታሳድጉት በአንድ ርግጫ 31 በመቶ የበለጠ ዘይት ይገፋል፤ በዚያው እግር የሚገኘው ግፊት ግን በ24 በመቶ ይቀንሳል። ሰርቮ (በቫኩም የእግርን ጉልበት የሚያግዘው) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «ፔዳሉ ጠልቆብኛል» ብሎ ትልቅ ማስተር ያለ ሰርቮ የገጠመ ሰው ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

የድሮው ማስተር አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ አሁን ነው ወደ ሁለት ክፍሉ የምትቀይሩት። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ግማሹ ፍሬን ይቀራል። የዲስኩ ዘይት ማጠራቀሚያ ትልቅ ይሁን፤ ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ካሊፐሩ እየወረደ ይሄዳል።

የታምቡር ማስተር መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለው። መስመሩ ውስጥ 0.7 ባር ገደማ ግፊት ያስቀራል። ለታምቡር ጥሩ ነው። ዲስክ መስመር ላይ ከቀረ ግን ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይኖራል፤ ጎማው ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል። የፊቱ መስመር ላይ ይውጣ፤ የኋላው ታምቡር ላይ ይቆይ። ማስተሩ ከካሊፐሩ በታች፣ ወለል ስር የሆነበት መኪና ላይ ብቻ ለዲስኩ 0.14 ባር ገደማ የሚይዝ ደካማ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ዘይቱ ወደ ኋላ ይፈስሳል።

የመግፊያው ዘንግ ርዝመት የተረሳች ነገር ናት። ፔዳሉ ሲለቀቅ በዘንጉና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ ወደ ፊት ተገፍቶ ይቀርና የመመለሻዋን ቀዳዳ ይደፍናታል። ዘይቱ ሲግል ይሰፋል፣ መመለሻ ያጣል፣ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ለማወቅ የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱ፣ መነጽር አድርጉ፣ ሌላ ሰው ፔዳሉን በእጁ ቀስ ብሎ ይግፋው። መጀመሪያ ላይ ዘይቱ ውስጥ ትንሽ ፍልቅ የሚል ነገር ካያችሁ ቀዳዳዋ ክፍት ናት። ዝም ካለ ዘንጉን አሳጥሩ።

ደረጃ 7፦ አየር ማስወጣት

እስካሁን ያለው ከተስተካከለ ይህ አጭር ነው። ማስተሩን ከመግጠማችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አየሩን አስወጡ። የኋላ ታምቡሮቹን ሸራ አስተካክሉ፤ ሸራው ታምቡሩን በስሱ እስኪነካ አጥብቃችሁ ትንሽ መልሱት። ማኑዋላችሁ ሌላ ካላለ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ። የኋላ ጭነት የሚለካ ቫልቭ ያለው መኪና ላይ ቫልቩ ራሱ ማስወጫ ሊኖረው ይችላል፣ አትዝለሉት። ዘይቱ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን፣ አዲስ ከተዘጋ ዕቃ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብታም እንዳይገባ፤ ጎሚኒውን በሙሉ ይገለዋል።

ፔዳሉ የሚናገረው

አንዴ ሲረገጥ ጠልቆ፣ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ከፍ የሚል ፔዳል ክፍተት አለበት ማለት ነው። የት እንደሆነ ለማወቅ መኪናው ቆሞ ፔዳሉን እየደጋገማችሁ ከፍ አድርጉት። መኪናውን ሳታንቀሳቅሱ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና እንደገና እርገጡ። አሁንም ከፍ ካለ ጎማዎቹን ጥቂት ዙር አዙሩ ወይም ትንሽ ንዱና እርገጡ። ከመንቀሳቀስ በኋላ ብቻ ከጠለቀ ዲስኩ ፒስተኖቹን እየመለሳቸው ነው፤ ወደ ደረጃ 1 እና 2 ተመለሱ። ሳይንቀሳቀስም ከጠለቀ የኋላ ታምቡሮቹ ላልተዋል። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ታምቡር ላይ የሚሠራ ከሆነ እሱን ስባችሁ ሞክሩ፤ ፔዳሉ ከፍ ካለ ተረጋገጠ። የእጅ ፍሬኑ ካምቢዮ ጀርባ ላይ በሆነ መኪና ግን ይህ ሙከራ አይሠራም።

እንደ ስፖንጅ የሚለመጥ ፔዳል አየር፣ የተንጋደደ ካሊፐር ወይም የሚያብጥ የድሮ ጎማ ቱቦ ነው። ሌላ ሰው ሲረግጥ ቱቦውን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ማበጡ ይሰማችኋል።

በአንድ ኃይል ይዛችሁት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ወይ የሚፈስ ቦታ አለ፣ ወይ የማስተሩ ውስጥ ጎሚኒ እያሳለፈ ነው። የማስተሩን መውጫዎች በትክክለኛ ጥርስ በመዝጊያ ቡሎን ድፈኑ። ፔዳሉ ከፍ ብሎ ከጠነከረ ማስተሩ ጤነኛ ነው። ከዚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ እያገናኛችሁ ሞክሩ። የሚያሰምጠው መስመር ራሱን ያጋልጣል።

ጠንክሮ ግን የማያቆም ከሆነ ሰርቮውን ፈትሹ። ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግማችሁ እርገጡ፣ ተጭናችሁ ያዙና ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ናፍጣ መኪና ላይ የቫኩም ፖምፓውን አትርሱ። ሰርቮው ደህና ከሆነ ሸራውን እዩ። ከናክሉ ጎሚኒ የሚወጣ ግራሶ ሸራውን ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ የአክስሉ ጎሚኒ ሲያልቅ ደግሞ የዲፈረንሻል ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ ይፈሳል። ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን አይድንም፣ ይቀየር።

የሚይዝና የማይለቅ ፍሬን

ጎማው ሲግልና አልዞር ሲል መኪናውን እንደያዘ አንሱት። መጀመሪያ ማስተሩ ላይ ያለውን የቧንቧ ዳዶ ላላ አድርጉ። ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ ማስተሩ፣ ቫልቩ ወይም የመግፊያው ዘንግ ነው። ካልለቀቀ ዳዶውን አጥብቁና ካሊፐሩ ላይ ያለውን ማስወጫ ክፈቱ። ዘይት ፈንጥቆ ከለቀቀ ጎማ ቱቦው ውስጡ ተደፍኗል፤ ሲረገጥ ያሳልፋል፣ ሲለቀቅ አይመልስም። ማስወጫውም ተከፍቶ ጎማው ከያዘ ፒስተኖቹ ዝገው ተጣብቀዋል።

መኪናው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ደግሞ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ወገን ነው። የሚሠራው ጎማ ነው የሚጎትተው።

ሙከራና ማለማመድ

መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ በእግር ፍጥነት ሞክሩ። ከዚያ ሸራውን ለማለማመድ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 ያህል፣ ሳትቆሙ፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በመጠኑ ፍሬን ያዙ። ከዚያ ሳትረግጡ ንዱና ይቀዝቅዝ። በግለቱ ቆማችሁ ፔዳሉን ተጭናችሁ አትጠብቁ፤ ሸራው ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተውና ኋላ ላይ መሪ ያንቀጠቅጣል።

ባዶ ጠጠር ቦታ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ስትይዙ የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቀድመው መቆለፍ አለባቸው። ኋላው ከቀደመ መኪናው ይዞራል፤ የኋላውን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ያስፈልጋል። በተቃራኒው ኋላው ጭራሽ የማይሠራ ከመሰላችሁና ባሌስትራው ከፍ ከተደረገ የጭነት ቫልቩ መኪናውን ባዶ አድርጎ እየቆጠረው ነው። የቫልቩን ዘንግ እንደገና አስተካክሉ።

ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ እንደገና ነቅንቁ። አዲስ ኩሽኔታ ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላል። የካሊፐሩን ቡሎኖች በቶርክ ሬንች ፈትሹ፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹን ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቸርኬውን እሰሩት።